መቀስ ነክቶታል ወይ?

የመጨረሻው ጨርቅ ከሱቁ የወጣ ዕለት ክሬ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋችና በረጅሙ ተነፈሰች። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሠላሳ ምናምን ልብስ ሰፊዎች በር ለበር በተያያዙበት በዚያ ረጅም ኮሪደር የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጋሽ ነገ» ነው የሚላቸው። ደንበኛ «ደረሰልኝ ወይ?» ብሎ ብቅ ሲል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ የምሥራች እንደያዘ ሰው ፊታቸው በርቶ፣ «ነገ!» ይላሉ። ደንበኛው እየሳቀ ይሄዳል። በነጋታው ይመጣል። ያን ዕለትም ነገ ይባላል።

ሕመሙ ለማስታመም እንኳ ጊዜ አልሰጠም፤ በሦስት ቀን ይዟቸው ሄደ። መደርደሪያቸው ላይ አርባ አንድ ጨርቅ ቀረ። ግማሹ ተቆርጧል፣ ግማሹ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፣ አንድ ኮት ደግሞ አንድ እጅጌ ብቻ አብቅሎ ማንጠልጠያ ላይ ቀርቷል። በየጨርቁ ላይ ብጣሽ ወረቀት በስፒል ተይዟል፤ ስም የሚባል ነገር ግን የለበትም። አንዱ «ሳቂታዋ» ይላል። ሌላው «የጥርስ ሐኪሙ ጎረቤት»። «ቦርጩን ደብቅለት» የሚልም አለ፤ «የማይስቀው»፣ «ጨቅጫቃዋ» የሚልም አለ። ጋሽ ነገ የሚጽፉት ለራሳቸው ነበር። እንደሚሞቱ ማን ነግሯቸው!

ከቀብሩ በኋላ ደንበኞቹ እያፈሩ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ያጽናናሉ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስለ ጨርቃቸው ይጠይቃሉ። መልስ የምትሰጣቸው ክሬ ነበረች። ክሬ የቤት ስሟ ነው፤ ልጅ ሳለች እንደ ክር ቀጭን ስለነበረችና ከአባቷ የሥራ ልብስ ላይ ስለማትላቀቅ እሳቸው ያወጡላት ስም ነው። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በአንድ ሰማያዊ ጨርቅ ተያያዙ። «የኔ ነው!» ትላለች አንዷ፤ «ምን ሲደረግ!» ትላለች ሌላዋ። ክሬ ለመገላገል ወረቀቱን ገልጣ ብታየው «ጨቅጫቃዋ» ይላል። ለየትኛዋ እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።

አርባ አንደኛው ጨርቅ የ«ማይስቀው» ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ሆነው ተገኙ። ወረቀቱን አነበቡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሄዱ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ነው እንግዲህ ክሬ እግሯን የዘረጋችው። መደርደሪያው ባዶ ነው። አባቷ ለባለቤቱ ሳይመልሱ የቀሩት አንድም ነገር የለም።

ሐሳቡም የመጣላት እዚያው ወንበር ላይ ነው። እያንዳንዱ ጨርቅ የማን እንደሆነና የት እንደደረሰ ስልክ ላይ ቢጻፍ ኖሮ፣ እሷም አራት ወር ባልተንከራተተች፣ ያም ሁሉ ሰው ባልተመላለሰ። ፕሮግራም መጻፍ ማንም አላስተማራትም። ስልክ እየመለሰች በምትውልበት መሥሪያ ቤት፣ በምሳ ሰዓት ቪዲዮ እያየች፣ እየሳተች፣ እያፈረሰች እየሠራች የተማረችው ነው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያልተመለሰችበትን ያን ሥራ አሁን ጨርሳ ለቀቀችና አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አባቷ ጨርቅ ይቆርጡበት ከነበረው ጠረጴዛ ሥር አስገብታ ሦስት ወር አቀርቅራ ሠራች። አፑን «ደረሰ» አለችው። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ይመዘግባል፤ ደንበኛው ተለካ፣ ተቆረጠ፣ ተሰፋ እያለ በስልኩ ይከታተላል። መልእክቱ ሁሉ በዚያ ኮምፒውተር በኩል ነው የሚያልፈው። ከሁሉም በላይ የምትኮራበት ግን ቀኑ ነበር። ልብስ ሰፊው የሚደርስበትን ቀን የግድ መጻፍ አለበት፤ ቀኑ ካለፈ ደንበኛው ስልክ ላይ ደማቅ ቀይ ይበራል።

ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ስለሚበልጣት «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። የሱቁን ገመድ ሁሉ እሱ ነው የዘረጋላት። መሰላሉ ላይ ሆኖ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ አላት።

«የሕንፃው ባለቤት ሱቁን ለጫማ ነጋዴ ልትሰጠው ነው። ለምኛት እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሣኛለች።»

«ከዚያስ?»

«እስከዚያ ነገርሽ በእግሩ ከቆመ ሱቁ ያንቺ ነው። ካልቆመ ቁልፉን እመልስላታለሁ፤ አንቺም እኔ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ትገቢያለሽ። አለቃውን አነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

«ቆመ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?»

«ሰው ሲጠቀምበት ነዋ! እኔና አንቺ ሳንሆን፣ ሰው።» ከመሰላሉ ወረደ። «ክፉ ሆኜ አይደለም ክሬ። አባባ ከሞተ ጀምሮ ከዚህ ክፍል አልወጣሽም። ወይ ሥራ ይሁንልሽ፣ ወይ ይብቃሽ።»

እውነቱን ነበር።

በነጋታው ክሬ ስልኳን ይዛ ኮሪደሩን ከጫፍ ጀመረችው። ፊት እንደሚነሷት ገምታ ልቧን አጠንክራ ነበር የወጣችው። ማንም አልነሳትም። «የጋሽ ነገ ልጅ! ነይ ግቢ!» እያሉ ስልካቸውን ገና ሳትጠይቃቸው አቀበሏት። ፈጣኑ የሚባለው ሱሪ ሰፊ፣ ከኮሪደሩ ሁሉ ቀርፋፋው እሱ ስለሆነ ነው ፈጣኑ የተባለው፣ የሚስቱን ስልክ ጭምር አምጥቶ «ይቺንም መዝግቢልኝ» አላት። እስከ ቀትር ሠላሳ አንዱም ልብስ ሰፊዎች ተመዝግበው አለቁ።

ክሬ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ለወንድሟ ደወለችለት። «ሠላሳ አንድ! በአንድ ጠዋት!»

«አትይኝም!» አለ ወንድሟ፤ ድምፁ ውስጥ እንደሷው እፎይታ ነበር።

ሳምንቱ አለፈ። ክሬ ስክሪኑን ከፍታ ብታይ ሠላሳ አንድ ልብስ ሰፊ፣ የተመዘገበ ጨርቅ ዜሮ። ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከላይ እስከ ታች መረመረችው፤ ደህና ነው። በየሱቁ ዞረች።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ ጀመሩት?»

«ነገ» አሏት ኮሌታ ይገለብጡ የነበሩት ሸሚዝ ሰፊ።

«ዛሬ እጄ ሥራ ይዞብኛል፣ ነገ» አለቻት ቀሚስ ሰፊዋ።

«አንቺን ብዬ ነው? ነገ በጠዋቱ!» አለ ፈጣኑ ደረቱን እየመታ።

በማግስቱም ሄደች። ነገ አሏት። በሦስተኛው ቀን ከአሥራ አራተኛው ሱቅ ስትወጣ ኮሪደሩ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች። ደንበኛ ሆናለች። ሠላሳ አንድ ሱቅ ጨርቅ አስቀምጣ የምትመላለስ ደንበኛ።

ከወሩ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል።

ጋሽ ሜትር ያዩዋት እንዲህ ቆማ ነው። የአባቷ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ ሱፍ ነው የሚሰፉት። የመለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ፎቶ ሲነሱ እንኳ እንደ ከረባት አድርገውት ነው። በጣታቸው ጠሯትና በርጩማ ገፋ አደረጉላት።

«ቁጭ በይ። እኔ የምነግርሽን ሌላው አይነግርሽም፤ ሆዱ አይችልለትም።»

«ምንድን ነው ጋሽ ሜትር?»

«እኛ የተመዘገብነው ለአባትሽ ነው።» ክራቸውን በጥርሳቸው ቆረጡ። «የሱ ልጅ መጣች፣ ስልክ አምጡ አለች፣ ሰጠናት። ጸጉራችሁን ተላጩ ብትይንም እንላጭልሽ ነበር። ግን ልጄ፣ ማንም ሊሠራበት አልተመዘገበም።»

የክሬ ሐሞት ፈሰሰ። ደግሞ የሚገርመው፣ ከሐሞቷ ጋር አብሮ አንድ የከበዳት ነገርም ወረደላት። ሳምንቱን ሙሉ እጇን፣ ሥራዋን፣ ራሷን ስትጠራጠር ነበር የሰነበተችው። ቢያንስ አሁን ታውቃለች።

«ታዲያ ለምንድን ነው የማትሠሩበት? ክፉ ነው?»

«ስልኩን ስከፍተው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ምንድን ነው?»

«የሚደርስበትን ቀን።»

«አየሽ! ሠላሳ ዓመት ከደንበኛ አፍ የሸሸሁትን ጥያቄ አምጥተሽ ኪሴ ውስጥ ከተትሽልኝ። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ይቀላል አሉ። ይሄ ዳኛ ነው እንጂ ስልክ ነው?»

«ቀኑ ከሌለማ ምኑን ሥራ ሆነ? ደንበኛው የሚፈልገው ቀኑን ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገራትም።

«ዛሬ እዚህ ዋይ» አሉ ጋሽ ሜትር። «የሚመጣውን ሰው እያየሽ ቁጠሪ። ሌላ ሥራ የለሽም።»

ዋለች። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ሰው መጣ። ልብስ ለብሰው ልክ ለማየት የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዘጠኙ ለመጠየቅ ነው። በያንዳንዱ ጊዜ ጋሽ ሜትር ማሽናቸውን ያቆማሉ፣ ይነሳሉ፣ መደርደሪያውን ይበረብራሉ፣ ያወራሉ፣ ይመለሳሉ፣ የት እንደደረሱ ይፈልጋሉ። ገና ሦስት ጋት እንደሰፉ ሌላው ይመጣል።

ክሬን የገረማት ግን ጥያቄው ነው። አንዲት ነርስ፣ ከሥራ እንደወጣች ነጭ ጫማዋን ሳታወልቅ የመጣች፣ በጋሽ ሜትር ትከሻ ላይ ወደ መደርደሪያው አንገቷን አሰገገች።

«መቀስ ነክቶታል ወይ?»

«ነክቶታል፣ ነክቶታል!» ጋሽ ሜትር የተቆረጠውን ብድግ አድርገው አሳዩዋት። ነርሷ ጠርዙን ዳሰስ አደረገች። ፊቷ ተፈታ። መቼ እንደሚደርስ እንኳ ሳትጠይቅ «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች። ከሷ በኋላ የመጣው ሰውዬ ግን ጨርቁ ከነላስቲኩ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ «ከኀሙስ አያልፍም» ቢሉትም እያጉረመረመ ነው የወጣው።

ጋሽ ሜትር ግራ ቀኙን አይተው፣ ሰው የሚለብስበትን መጋረጃ ጋረድ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሙያ ምስጢር ነው፤ አባትሽም ያውቀው ነበር። ያልተቆረጠ ጨርቅ ደንበኛው ከፈለገ ብድግ አድርጎ ሌላ ቤት ይወስደዋል። ከተቆረጠ ወዴትም አይሄድም። ለዚህ ነው ጨርቅ እንደመጣ መቀስ የምናሳርፍበት። ደንበኛም ይሄን ያውቃል። ተቆርጧል ካልሽው ነገሩ ተጀመረ ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ቀንማ ብነግረው መች ያምነኛል?»

ድንገት ክሬ ልትለው ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ።

«እኔ እኮ ቀኑን ያስገባሁት በአባባ ተናድጄ ነው።»

ጋሽ ሜትር የያዙትን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«አራት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እየመጣ ‹ነገ ብለውኝ ነበር› ይለኛል። አርባ አንድ ሰው! እንደ ውሸታም ሰው ልጅ አፍሬ... እሱን ብዬ ቀይ መብራት ሠራሁለት። ለሞተ ሰው።»

«ውሸታም?» ጋሽ ሜትር መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰማሽ ወይ፣ አባትሽ ነገ ሲል ነገ ሊሠራው ቆርጦ ነው። ማታ ሲዘጋ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነው የሚሄደው፤ ጠዋት እንደገባ ሊጀምረው። ጠዋት ምን ይመጣል? ዛሬ ያየሻቸው አሥራ አንዱ! ለምን አልሰፋህም እያሉ ሲጠይቁት ይውላሉ፣ ሲመልስላቸው ሳይሰፋ ይመሻል። ከኔም የባሰበት ሰው ፊት ማጥቆር ስለማይችል ነው፤ ሁሉንም ቁጭ አድርጎ ያጫውታል።»

ክሬ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። አለቀሰች፤ ግን የቀብሩ ዕለት እንዳለቀሰችው አልነበረም። ይሄኛው ሲያልቅ ደረቷ ቀለላት። ጋሽ ሜትርም አላባበሏትም፤ ማሽናቸውን ረገጥ ረገጥ አድርገው፣ ማልቀሷ የውጭ ሰው እንዳይሰማ፣ ባዶ ጨርቅ ላይ ሲሰፉ ቆዩ።

በሁለት ቀን ውስጥ ቀኑን ነቅላ ጣለችው፤ ቀዩንም መብራት ጭምር። በምትኩ ፎቶ አስገባች። ልብስ ሰፊው ጨርቁን እንደቆረጠ ያነሣዋል፤ ደንበኛው ስልክ ላይ «መቀስ ነክቶታል» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይደርሳል። እጅጌው ሲገጠም አንድ፣ ገበሩ ሲገባ አንድ፣ ሲያልቅ አንድ። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ሠላሳ አንዱን ልብስ ሰፊዎች ራሷ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸውና ጋሽ ሜትርን ብቻ መልሳ መዘገበች።

ወንድሟ ስክሪኑን አይቶ ዓይኑን አሸ።

«ሠላሳ አንድ አልነበር እንዴ?»

«ነበረ።»

«አሁን አንድ ይላል።»

«አዎ። ሌሎቹን አጠፋኋቸው።»

«ሰው ተጠቃሚ ይጨምራል፣ አንቺ ትቀንሻለሽ?»

«እነሱ ተጠቃሚ አልነበሩም ወንድም ጋሼ። አጽናኝ ነበሩ።»

ወንድሟ የቀን መቁጠሪያውን አየና ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጋሽ ሜትር ሲያነሡ አውራ ጣታቸው ፎቶው ውስጥ ይገባ ነበር። ነርሷ «የተቆረጠው የኔ ጨርቅ ነው ወይስ የእርስዎ ጣት?» ብላ ጻፈችላቸው። እየሠሩ ለመዱት። የመጣ ደንበኛ ሁሉ ስልክ ቁጥሩን ይሰጣል፤ ሦስት ቀን ሳይሞላው የጨርቁን ፎቶ ያያል። ከዚያ መምጣቱን ይተዋል።

ጉድ የፈላው በዚህ ነው። የጋሽ ሜትር ሱቅ ጭር አለ። ማሽኑ ብቻ ነው የሚሰማው። ኮሪደሩ መጠየቅ ጀመረ። ቀሚስ ሰፊዋ ከበር ላይ ሆና ገብታ ሳትገባ «ደህና ነዎት ግን?» አለቻቸው። ሌላው መጥቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቁጭ ብሎ ሄደ። ፈጣኑማ አደባባይ አወጣው።

«አላልኳችሁም? የልጅቷ ስልክ ደንበኛ አሸሸባቸው! እኔ እኮ ገና ሳየው ነው የጠላሁት።»

«የሚስትህንም ስልክ አምጥተህ አልነበር የተመዘገብከው?» አለችው ቀሚስ ሰፊዋ።

«እሱ ሌላ ነው፤ እሱ ለቅሶ ነው!»

ክሬ ይህን ሁሉ በሯ ላይ ሆና ትሰማለች። ከወሩ ስድስት ቀን ነው የቀረው። ጋሽ ሜትር ቢከስሩባትስ? የአባቷን ወዳጅ በሙከራ አጥፍታ ቢሆንስ? ወደ ጋሽ ሜትር ሱቅ ሮጠች።

«ኧረ ዝም በያቸው» አሏት ጋሽ ሜትር ቀና ሳይሉ። «ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሰፍቼ አላውቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ላኩ። ከአራት ሰዓት በኋላ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ሰው ታየ። ነርሷ ቀደመች፤ ከኋላዋ ያ ፊቱ ጠቁሮ የሄደው ሰውዬ፣ ከሱ ኋላ አባትና ልጅ፣ ከነሱ ኋላ ሌላም ሌላም። ማንም የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ሊወስድ ነው የመጣው። አሥራ ሦስት ሱፍ፣ የተተኮሰ፣ ማንጠልጠያ ላይ እንደሆነ በኮሪደሩ ውስጥ በሰው ትከሻ ላይ እየተወዛወዘ አለፈ። የየሱቁ ማሽን አንድ በአንድ ቆመ፤ አንገት ሁሉ ወጣ።

ፈጣኑ የመጨረሻው ሱፍ እስኪያልፍ አፉን ከፍቶ አየ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ክሬ ሱቅ መጣ።

«ክሬዬ፣ የኔን ክፈችልኝ። ዛሬ ልጀምር ነው።»

«አንተ የለህም እኮ። ሰርዤሃለሁ።»

«ማን ሰርዥኝ አለሽ?» አለ ጮክ ብሎ። «ሰው ‹ነገ› ቢል ነገ አለ ማለት አይደለም እንዴ?»

እስከ ማክሰኞ ስምንት ልብስ ሰፊዎች ገቡ፤ ከጋሽ ሜትር ጋር ዘጠኝ ሆኑ። በዚህኛው ጊዜ ስልካቸውን አላቀበሏትም፤ ራሳቸው ይዘው፣ አስረጂኝ እያሉ፣ ሲያቅታቸው እየተሳደቡ ነው የተመዘገቡት።

ረቡዕ የወሩ መጨረሻ ነበር። ወንድሟ መፍቻና ካርቶን ይዞ ከቀትር በፊት መጣ።

«ዘጠኝ» አለችው። «በትክክል የሚሠሩበት። ሰማንያ ደንበኛ።»

ወንድሟ ተቀመጠ። «ክሬ፣ አትከፊብኝ። ዘጠኙም አባባን የሚያውቁ ናቸው። ዘጠኙም ከዚህ በር ሲወጡ የሱን ሱቅ ነው የሚያዩት። ነገ ዘግተሽ ብትሄጂ ትናፍቂያቸዋለሽ፤ ነገሩ ግን ይቀርባቸዋል ወይ? አባባን የማያውቅ አንድ ሰው አሳዪኝ። አንድ። እኔ ራሴ ሄጄ የሕንፃው ባለቤት እግር ላይ እወድቃለሁ።»

ክሬ ስክሪኑ ላይ የምታሳየው አልነበራትም። ስክሪኑ የሚቆጥረው እሷ ፊት የተመዘገቡትን የኮሪደሩን ሰዎች ብቻ ነው። አንገቷን ደፋች። «እሺ» አለች። እሺ ማለቷ ራሷን ገረማት። ደክሟት ነበር። ከጋሽ ሜትር የተዋሰችውን በርጩማ ልትመልስ ተነሳች፤ እሳቸውም የሆነውን ከፊቷ አይተው «አትቸኩይ» ቢሉም ወንድሟ ካርቶኑን መሙላት ጀምሯል። ስትመለስ ጠረጴዛው ተነሥቷል፣ ገመዱ ተጠቅልሏል፣ ኮምፒውተሩ ካርቶን ውስጥ ነው።

ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩን ሊስበው ሲል ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ሃሎ? ደረሰ ማለት አንቺ ነሽ?» የሴት ድምፅ ነው፤ ከጀርባው ሰው ይንጫጫል። «ቁጥርሽ መልእክቱ ሥር ተጽፎ አግኝቼ ነው። ምን ዓይነት ሥራ ነው እሱ?»

«ምን ሆኖ ነው እትዬ?»

«ፎቶ አልሄድ ብሎኝ! ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ! ሃያ ሁለት የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ይዣለሁ፣ ሁሉም ዛሬ ፎቶ ይጠብቃሉ። ፎቶ ሲቀርባቸው ምን ሆኑ? በአካል መጡብኛ! ሱቄ ሞልቶ መቀሴን የማነሣበት ቦታ የለኝም! አንቺዬ፣ ቆይ አትግፉኝ፣ ስልክ ላይ ነኝ!»

ወንድሟ ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካ ቀረ። ክሬ ድምፁን ከፍ አደረገችለት።

«እትዬ፣ የት ነው ያሉት?»

«የት ልሁን? ከተማው ማዶ፣ አውቶቡሱ የሚያቆምበት። አንዲት ነርስ ደንበኛዬ ‹ሱፍ የሚሰፉልኝ ሰውዬ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ አንቺስ?› ብትለኝ ከሷ ስልክ ላይ አይቼ ጫንኩት። ሁለት ሳምንቴ ነው። ጥሩ ነገር ነው ብዬ ለእህቴም ሰጥቻት ነበር፤ አዋረድሽኝ!»

ክሬ ዓይኗን ከወንድሟ ላይ ሳታነሣ ጠየቀች። «እትዬ... አባቴን ያውቁታል እንዴ?»

«የማንን አባት?» ሴትዮዋ ጮኸች። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሱቄ በሰው መሙላቱን ነው! ምን አባት ታመጪብኛለሽ?»

ወንድሟ ከዚያ በኋላ አልሰማም። ካርቶኑን ገልብጦታል። ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ጎትቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ራሱ የጠቀለለውን ገመድ ራሱ ሲፈታ ይጠላለፍበታል፤ ሃያ ዓመት ገመድ ሲፈታ የኖረ ሰው።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» ይላል። «እኔ ነኝ ክሬ፣ እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት እኮ ነው!»

«እትዬ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፣ መብራት ጠፍቶብን ነው።»

«እኔ ጋ አልጠፋም!»

«እኛ ጋ ነው፤ ወንድሜ እየሠራው ነው።»

«ወንድምሽ ሙያው ነው ወይስ እንዲሁ ነው የሚነካካው?»

ወንድሟ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ይህን ሰማ። አንድ ነገር ከጉሮሮው ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየም። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ክሬ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ሶኬቱን ሰካው። ደጋፊ እንደሚፈልግ ሽማግሌ እያቃሰተ ኮምፒውተሩ ተነሣ። ሁለቱም ወደ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ጎንበስ አሉ።

«ገባ?» አለ ወንድሟ።

«ቆይ... ቆይ...»

ከስልኩ ውስጥ ጫጫታው ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ከሩቅ የአንዲት ሴት ድምፅ «ኧረ መጣልኝ! መቀስ ነክቶታል!» ሲል ተሰማ፤ ከሷ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ።

«ሄደ» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋም ወረደ። «እፎይ። ወንድምሽ ይባረክ።»

ወንድሟ መሬቱ ላይ እንደተቀመጠ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ቁልፉ አሁንም በሩ ላይ ተሰክቷል፤ ማንም አላየውም።

«ሴትዮዋ ጋ ልሂድ» አለ ቀስ ብሎ፤ የሕንፃውን ባለቤት ማለቱ ነው። «ከመውጣቷ በፊት።» ግን አልተነሣም። ሶኬቱ እንዳይወልቅ በእጁ ደግፎ ይዞታል።

«ሃሎ? አለሽ?» አለች ባለ ስልኳ።

«አለሁ እትዬ።»

«ካገኘሁሽ አይቀር፣ ሌላም ቅር ያለኝ ነገር አለ። ብዙ ነው። የምትጽፊበት ይዘሻል?»

ክሬ ወረቀቱ ሁሉ ከካርቶኑ በተገለበጠው ዕቃ ሥር ስለተቀበረ ጠመኔ አነሣችና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። እንባዋ እንጨቱ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ በክንዷ ጠረግ አድርጋ ደረቅ ቦታ ፈለገች።

«ይዣለሁ» አለች። «ይንገሩኝ፤ ምንም አያስቀሩብኝ።»